ሰውየው ለቀቀ እንጂ ወንበሩ አልለቀቀም

ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ «አንብበህ የመሰለህን ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ሰጠኝ። የተጻፈው ስለ ማሟያ ምርጫ ነው። አንድ የክልል ምክር ቤት አባል በገዛ ፈቃዱ ወንበሩን ሲለቅ መራጩን እንደገና ወደ ጣቢያ መጥራት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ ጸሐፊው። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ደጅ ላይ ስለሆነም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ተመራጮች ሕጉን አሻሽለው ማሟያ ምርጫን እንዲያስቀሩት ይመክራሉ። ስድስት ምክንያት አቅርበዋል፦ ወጪው ከባድ ነው፣ ወንበሩ የፓርቲው ነው፣ የቀሩት ተመራጮች ክፍተቱን ይሸፍናሉ፣ ጠቅላላ ምርጫ መምጣቱ አይቀርም፣ የለቀቀው ሰው ሕዝቡን ከድቷል፣ ሕዝቡም ለእንዲህ ያለ ምርጫ አይወጣም።

ጽሑፉ የጨዋ ሰው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ምርጫ በማስፈጸም ሥራ ላይ እንደነበሩ ነግረውናል፤ ስለ አስፈጻሚዎች አበልና ስለ ሳጥን ማጓጓዝ የጻፉትም ቤቱን የሚያውቅ ሰው የጻፈው እንደሆነ ያስታውቃል። እኔ ግን ከስድስቱ አንድ ተኩሉን ብቻ ነው የምቀበላቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ስደርስባቸው እናገራለሁ።

በቅድሚያ ከየት ቆሜ እንደምናገር ይታወቅ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ተከራይ ነኝ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ የሰጠሁት ግን ቄራ ነው። የሰልፉ ርዝመት፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የተራዘመው የምርጫ ሰዓት፣ ጣቴ ላይ ቀናት የቆየው ቀለም ሁሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ እዚህ አደረሰን። ያን ቀን ሸገር ከተማ የሚባል አስተዳደር አልነበረም፤ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንን አጣምሮ የተቋቋመው በ2015 ነው። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የወሰን ስምምነት የተደረሰውም ነሐሴ 2014 ነው። እንግዲህ ድምፄ ያለው ቄራ ነው፤ የውሃ ጀሪካኔ ያለው ኮዬ ነው። በኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት በጨፌ ኦሮሚያ ውስጥ ስለዚህ አካባቢ የሚናገር ተመራጭ ቢኖር እኔ የመረጥኩት ሰው አይደለም። እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ በከተማው ዳር ሞልቷል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ወጪው እውነት ነው፤ እቀበላለሁ ካልኩት አንድ ተኩል ግማሿን እዚሁ እከፍላለሁ። አንድ ወንበር ለመሙላትም ቢሆን ጣቢያ ይከፈታል፣ አስፈጻሚ ይሠለጥናል፣ አበል ይከፈላል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይታተማል፣ ፖሊስ ይቆማል። ጸሐፊው የሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ሒሳቡን ሲሠሩ በሐሳባቸው የያዙት አገር አቀፍ ምርጫን ነው፤ ማሟያ ምርጫ ግን የሚካሄደው ወንበር በጎደለበት ምርጫ ክልል ብቻ ነው። ምርጫ ቦርድ በተወሰነ ቦታ ብቻ ድምፅ ማሰጠት አዲስ አይሆንበትም። ሰኔ 16 ቀን 2016 በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋር፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ሲያካሂድ የቀረው አገር መደበኛ ሥራው ላይ ነበር። ወጪ መቀነስ ከተፈለገ የጎደሉትን ወንበሮች አጠራቅሞ በአንድ ቀን መሙላት ይቻላል። ሚያዝያ 2000 ማሟያ ምርጫው ከአካባቢ ምርጫ ጋር አንድ ላይ ነው የተካሄደው።

የአካባቢ ምርጫ ካነሣን አይቀር፦ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተላለፈ፣ እንደተላለፈም ቀረ። ምርጫ ባለማካሄድ ገንዘብ የሚቆጠብ ቢሆን ኖሮ በዚህ ብቻ ሀብታም በሆንን ነበር። ጸሐፊው ይኼንን ሳያነሡ ስለ ቁጠባ ማውራታቸው ገርሞኛል። ለቀበሌና ለወረዳ ድምፅ ሳይሰጥ ከአሥር ዓመት በላይ ለቆየ ሰው፣ በቅርብ ርቀት ያለው በድምፅ የተመረጠ ሰው የክልል ምክር ቤት አባሉ ነው። እሱ ሲለቅ «ቆጥቡ» ማለት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። «መራጩ የመረጠው ፓርቲውን ነው፤ ስለዚህ ተተኪውን ፓርቲው ይላክ» ይላሉ። ይኼ አሠራር ያላቸው አገሮች አሉ። በደቡብ አፍሪካ በፓርቲ ዝርዝር የገባ የፓርላማ አባል ሲለቅ ፓርቲው ከዝርዝሩ ሌላ ሰው ያስገባል፤ ማንም ወደ ጣቢያ አይጠራም። የስኮትላንድ ፓርላማ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ አዳራሽ ይዟል፦ በምርጫ ክልል የተመረጠው ሲለቅ ማሟያ ምርጫ ይካሄዳል፣ በፓርቲ ዝርዝር የገባው ሲለቅ የዝርዝሩ ቀጣይ ሰው ይተካዋል። ልዩነቱ ከምን መጣ? መራጩ ወረቀቱ ላይ ካየው ነው። የፓርቲ ስም አይቶ ምልክት ያደረገ ሰው ፓርቲው ቢተካለት አልተታለለም። የሰው ስም አይቶ ምልክት ያደረገ ሰው ግን ሌላ ሰው ሲመጣበት «ይኼን ማን መረጠው?» ቢል መብቱ ነው።

የእኛ ወረቀት ላይ የሰው ስም አለ። የፓርቲ ምልክትም አለ፣ አልክድም። ሕገ መንግሥቱ ግን ለተወካዮች ምክር ቤት ሲደነግግ የሚናገረው በእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ከሚወዳደሩ ዕጩዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ስላገኘው ሰው ነው። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ደግሞ የአባላቱ ተገዥነት ለሦስት ነገር እንደሆነ ይዘረዝራል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ፣ ለኅሊናቸው። አራተኛ የለውም። ፓርቲ እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ቢፈለግ ኖሮ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። አሠራሩ ሌላ ነው ብትሉኝ እሰማችኋለሁ፤ የፓርቲ ዲሲፕሊን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አይተናል። ሆኖም የአሠራሩን ጉድለት ወስዶ ሕግ እናድርገው ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ጸሐፊው የሚጠይቁን ይኼንን ነው።

ደግሞስ የግል ተወዳዳሪው? በ1997 የቀድሞው ርእሰ ብሔር ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በትውልድ አካባቢያቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል። በ2013ቱም በግል ተወዳድረው ያሸነፉ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲለቅ ተተኪውን ማን ይልካል? ቤተሰቡ? በጽሑፉ ስለ ግል ተወዳዳሪ አንድ ቃል የለም። ይኼ ተራ ግድፈት አይመስለኝም። ወንበሩ የፓርቲ ነው ብሎ ለተነሣ ሰው የግል ተወዳዳሪ ጨርሶ አይታየውም።

ጸሐፊው ማሟያ ምርጫ «ያሸነፈውን ፓርቲ ያዳክማል» ብለውም ይሰጋሉ። እዚህ ላይ ከሕንድ አንድ ታሪክ ላንሣ። በፈረንጆቹ 2021 በምዕራብ ቤንጋል ግዛት ምርጫ የግዛቱ ዋና ሚኒስትር የነበሩት የማማታ ባነርጂ ፓርቲ በሰፊው አሸነፈ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን በተወዳደሩበት በናንዲግራም ተሸነፉ። የሕንድ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው በሚኒስትርነት ከ6 ወር በላይ እንዲቆይ አይፈቅድም፤ ለዋና ሚኒስትርም ያው ነው። ስለዚህ በባባኒፑር ምርጫ ክልል አሸንፎ የነበረው የፓርቲያቸው ሰው ወንበሩን ለቀቀላቸው። ፓርቲው ያን ወንበር በደብዳቤ አልሰጣቸውም፤ መስጠትም አይችልም። ተወዳደሩ፣ ከ58 ሺህ በሚበልጥ የድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ቀኑ መስከረም 20 ቀን 2014 ነበር። በዚያው ዕለት እኛም ዘንድ በሶማሌ፣ በሐረሪና በደቡብ የዘገየው ድምፅ እየተሰጠ ነበር፤ መገጣጠሙ ይገርመኛል። ፓርቲው ዕጩዋን ቢመርጥም ወንበሩን የሰጡት መራጮቹ ናቸው። በዚህ የተዳከመ ፓርቲ አላየሁም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከስድስቱ ብልሁ እሱ ነውና። «አንዱ ቢለቅ የቀሩት አሉ» ይላሉ። ይኼ ከኬንያ ወይም ከሕንድ ሰው የማይሰማ፣ የራሳችን ክርክር ነው። ኦሮሚያ በተወካዮች ምክር ቤት 178 ወንበር አለው፤ ጨፌው ግን 537 ነው። ሲካፈል አንድ ምርጫ ክልል በአማካይ ሦስት ሰው ለጨፌው ይልካል ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር፣ በከተማዋ ምክር ቤት 138 ወንበር አላት፤ ልክ ስድስት ስድስት ይደርሳል። እንግዲህ ከሦስት አንዱ ቢለቅ ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱ ይበቃሉ ነው ነገሩ።

በምክር ቤቱ በኩል ካየነው ልክ ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ ነው፤ አንድ ሰው ጎደለ ብሎ የሚቆም ስብሰባ የለም። እንኳን አንድ፣ የትግራይ 38 ወንበሮች ባዶ ሆነው የተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሲያወጣ ኖሯል። የጎደለ ወንበር አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ብዙም አይታይም። መጉደሉ የሚታወቀው ወንበሩ በተላከበት ሰፈር ነው።

የእድራችንን ነገር ልንገራችሁ። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉት፤ ሦስት ሰው፣ ልክ እንደ ጨፌው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ገንዘብ ያዡ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ደብዳቤ ጽፎ፣ መዝገቡን አስረክቦ፣ በወጉ ነው የለቀቀው። ኮሚቴው ተሰበሰበና «ጠቅላላ ጉባኤው መስከረም ላይ ነው፤ እስከዚያ ሁለታችን እንሸፍናለን» አለ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም አልተቃወምኩም። ሐምሌ ላይ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ገንዘቡ ከባንክ የሚወጣው በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ሄደው ቢለምኑ፣ ሊቀ መንበሩ መታወቂያቸውን ቢያሳዩ፣ ባንኩ «ቃለ ጉባኤ አምጡ» አለ፤ እውነቱንም ነው። ድንኳን ከአጎራባች እድር ተዋስን። ለንፍሮና ለውሃ ከየቤቱ አዋጣን። የሟች ልጆች ምንም አላሉም፤ እኛ ግን አፍረናል።

ያኔ የገባኝ፣ ሁለቱ ሰዎች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም ያ የሆነው። ሁለቱም ደግ፣ ሁለቱም ትጉ ናቸው። ሥራው ግን ተከፍሎ የተሰጠ ነው፤ የአንዱን ፊርማ ሌላው አይፈርምም። ምክር ቤትም ላይ አባላት በቋሚ ኮሚቴ ይደለደላሉ። አንዱ በጀት ውስጥ ነው፣ አንዱ ማኅበራዊ ጉዳይ፣ አንዱ ከተማ ልማት። የከተማ ልማቱ ሰው ሲለቅ የማኅበራዊ ጉዳዩ ሰው ሄዶ ስለ ኮዬ ፈጬ መንገድ ይሟገትልኛል ብሎ መጠበቅ፣ ያለ ገንዘብ ያዥ ባንክ እንደ መሄድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጸሐፊውም ያላሰቡበት ይመስለኛል። ቄራ ላይ ድምፅ ስሰጥ ለከተማው ምክር ቤት የመረጥኳቸው ሰዎች ስም ዛሬ ቢጠየቅ አንዱን እንኳ አላስታውስም። ያን ቀንም ብዙዎቹን አላውቃቸውም ነበር። ምልክቱን አየሁ፣ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ፣ አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። አፍሬበት ሳይሆን አብዛኛው ሰው እንዲሁ እንደሚያደርግ ስለማውቅ ነው የምናገረው። ለአንድ ምርጫ ክልል ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲመረጥ ጅምላ ግዢ ይሆናል። ውጤቱም ጅምላ ነው፦ በ1997 ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። የአንድ ከተማ ሕዝብ ሐሳብ 137 ለ1 ሊሆን አይችልም፤ ሲደግፍም ሲቃወምም በጅምላ እንዲሆን አመራረጡ ያስገድደዋል።

ማሟያ ምርጫ ችርቻሮ ነው። አንድ ወንበር፣ ጥቂት ዕጩ። መንግሥት አይቀየርበትም፤ መንግሥት እንዳይቀየር የሚፈራውም፣ እንዲቀየር የሚመኘውም ለአንድ ጊዜ ትንፋሹን ይሰበስባል። የሚቀረው ጥያቄ «ይኼ ሰው ማነው? የት ይኖራል? ስልኩን ያነሣል?» የሚል ነው። አንድ የከተማ ዳር ነዋሪ ዕጩውን በስሙ ጠርቶ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ሃይገር ሰልፍ፣ በክረምት ጎርፍ ስለሚወስደው መንገድ ሊጠይቅ የሚችልበት አጋጣሚ ቢኖር ይኼ ነው። ጸሐፊው ይቅር የሚሉን በአምስት ዓመት ውስጥ ያለችንን ይህችን ብቸኛ የችርቻሮ ቀን ነው።

አሁን አንድ ሙሉ የምቀበለው ነጥብ፦ ጠቅላላ ምርጫው መምጣቱ አይቀርም የሚለው። ለዘንድሮው ፍጹም ልክ ናቸው። ጥቂት ወራት ሲቀሩ ለአንድ ወንበር መራጭ ማስወጣት ትርጉም የለውም፤ ሌሎች አገሮችም ይኼንን አስበውበታል። የኬንያ ሕገ መንግሥት ከጠቅላላ ምርጫ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ወንበር ቢጎድል ማሟያ ምርጫ አይደረግም ይላል። የሕንድ ሕግ ደግሞ የቀረው የሥራ ዘመን ከአንድ ዓመት ካነሰ ይተዋል። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ገደብ ይቀመጥ ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይኼን ምላሽ አልጽፍም ነበር። እሳቸው ግን ከገደቡ ዘለው «ስለዚህ ጭራሹን ይቅር» አሉ። የተመረጠ ሰው በሁለተኛው ወር ቢለቅስ? አራት ዓመት ከአሥር ወር ደጅ ላይ ነው ይባላል?

ወንበር ባዶውን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኬንያ ማንዴራ፣ ከእኛ ድንበር ጥግ ያለው የባኒሳ ምርጫ ክልል ተወካይ መጋቢት 2015 በመኪና አደጋ ሞቱ። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ምርጫ ይካሄድ ይላል። የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ግን ከጥቂት ወራት በፊት ኮሚሽነሮቹ ከፊሎቹ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው፣ የቀሩትም ለቀው ወይም ተነሥተው ስለነበር ምርጫውን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ባኒሳ ተወካይዋን የመረጠችው ኅዳር 18 ቀን 2018 ነው፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይታ። በዚያው ቀን ማሟያ ምርጫ ከተካሄደባቸው አንዷ ኡጉንጃ ናት፤ የእሷ ተወካይ የለቀቁት በ2016 መጨረሻ የካቢኔ ሹመት አግኝተው ነው። አንዱ በሞት፣ አንዱ በሹመት፤ ለመራጩ ግን ባዶው ወንበር ያው ነው። የእኛ ጸሐፊ ኬንያ የተቸገረችበትን ነገር ነው በሕግ ይሁን የሚሉን።

እኛም የባዶ ወንበር ታሪክ አለን። ከላይ ያነሣኋቸው የ1997 አሸናፊዎች የአዲስ አበባን ምክር ቤት ሳይረከቡ ቀሩ፤ ከተማዋም እስከ ሚያዝያ 2000ው ምርጫ ድረስ በተመረጠ ምክር ቤት ፈንታ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። ማን ጥፋተኛ ነበር የሚለውን ሌላ ጊዜ እንከራከርበት። ያኔ ቄራ የነበርን ሰዎች አቤቱታ ይዘን የምንሄድበት የመረጥነው ሰው እንዳልነበረን ግን ማንም አይክድም።

«የለቀቀ ሰው ሕዝቡን የከዳ ነው» የሚለው ነጥብ ደግሞ ንዴት ነው፤ ከማሟያ ምርጫ ጋርም አይገናኝም። ከድቷል ከተባለ የተከዳው መራጩ ነው፤ ታዲያ ለምን የመተካት መብቱን ያጣል? ሚስቱ ጥላው ለሄደች ሰው «በቃ፣ ሁለተኛ አታገባም» እንደ ማለት ነው። በመሠረቱ ግን ቃሉም አይስማማኝም። በአገራችን ሹመት ይዞ መቆየት እንጂ መልቀቅ አልተለመደም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ የሚተርት ሕዝብ ነን። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 2010 ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲለቁ ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠየቀው «ማን አስለቀቃቸው?» ብሎ ነበር። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ2015 በጤና ምክንያት ከምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት ሲለቁም ሐሜቱ ከምክንያቱ ቀደመ። ሰው ታሞ፣ ደክሞት፣ ሐሳቡ ከፓርቲው ተለይቶበት ሊለቅ ይችላል። አምስት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን እጁን ሳያወጣ ከሚጨርስ ሰው፣ በሁለተኛው ዓመት «አልቻልኩም» ብሎ የሚወጣውን እኔ አከብረዋለሁ። ሕገ መንግሥቱም መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማውረድ እንደሚችል ይናገራል፤ ራሱን በራሱ ያወረደው ሰው ድካም ቀነሰልን።

እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ያሳቁኛል። ከ1624 በእነሱ አቆጣጠር ጀምሮ የታችኛው ምክር ቤታቸው አባል መልቀቅ አይፈቀድለትም። ለመውጣት የፈለገ ሰው ሥራ የሌለው፣ ስም ብቻ የሆነ የዘውድ ሹመት ይጠይቃል፤ የዘውድ ሹመት የያዘ ደግሞ አባል መሆን ስለማይችል ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በ1985 መጨረሻ በእነሱ አቆጣጠር አሥራ አምስት የሰሜን አየርላንድ ተወካዮች አንድ ስምምነትን ተቃውመው በዚሁ መንገድ በአንድ ላይ ወጡ፣ ወዲያው ለዚያው ወንበር ተወዳደሩ። አሥራ አራቱን መራጩ መለሳቸው፣ አንዱን ጣለው። ከዳተኛ ይሁኑ አይሁኑ የፈረደው ጋዜጠኛም ጸሐፊም አልነበረም፤ መራጩ ራሱ ነው።

የሚቀረው «ሕዝቡ አይወጣም» የሚለው ነው። በማሟያ ምርጫ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ምርጫ ያንሳል፤ ይኼ በየአገሩ የታየ ነው፣ አልከራከርም። የጸሐፊው ስሌት ግን አንድ ሰው ዘሏል፦ በመሀል የመጣውን። የምርጫ ሕጉ ለመራጭነት የሚጠይቀው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ነው። ጠቅላላ ምርጫ ካለፈ በኋላ ወደ ኮዬ፣ ወደ ፉሪ፣ ወደ ለገጣፎ የገባው ተከራይ፣ በዚያ መሀል አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ ፋብሪካ የገባው ሠራተኛ፣ ሁሉም ማሟያ ምርጫ ሲመጣ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጠሩት። ከቀድሞው ተመዝጋቢ ግማሹ ባይወጣ እንኳ እነዚህ አዲሶች ናቸው። የከተማ ዳር ሕዝብ እንደ መሀል ከተማ ሕዝብ ለአምስት ዓመት ቆሞ አይጠብቅም። እኔ ራሴ ቄራ የመረጥኩ፣ ኮዬ የምኖር ሰው ነኝ።

ከሐምሌው ለቅሶ በኋላ እድራችን መስከረምን አልጠበቀም። በነሐሴ አንድ እሑድ አስቸኳይ ጉባኤ ጠራን። ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም፤ ከአባላቱ ሩቡ ቢመጣ ነው፣ እሱም ጃንጥላ ይዞ ደጅ ላይ የቆመው ተቆጥሮ። ሁለት ሰው ተጠቆመ። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት በእጅ ብልጫ አሸነፉ፤ «እኔ መጻፍ ብዙ አልችልም» ቢሉ «ሒሳብ ነው የምንፈልገው» ተባሉ። በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ተይዞ ባንክ ተሄደ፣ ፊርማቸው ተመዘገበ። መዝገቡ እስከ ዛሬ እሳቸው ጋ ነው።